የግዴታ በጎ ፈቃድ

«የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግዴታ ነው! አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቃችሁ ወጣቶች በሙሉ፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግዴታ ነው!»

ድምፅ ማጉያ አናቷ ላይ የታሰረባት ባጃጅ በበራችን ስታልፍ ባሚያ እየከተፍኩ ነበር። ቢላዬን አስቀመጥኩና ጆሮዬን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት። ሰው ሲያረጅ የሰማው ነገር ይዘባረቅበታል ይባላል።

«ሳና! ይኼ ሰውዬ ምን አለ?»

የልጅ ልጄ ሳና ፀጉሯን ግማሹን ጎንጉና ግማሹን በትና ከጓዳ ወጣች። «የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግዴታ ነው አለ።»

«እንግዲያ ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ጆሮሽማ ከእኔ ይሻላል። በስልክ ሳወራ ከጎረቤት ሆነሽ ትሰሚኝ የለ?»

እሷ ትስቃለች። እኔ ባሚያውን ትቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ክረምት የቀበሌያችን ልጆች በአይሱዙ ተጭነው ከሸርቆሌ ማዶ ወዳለ ሰፊ እርሻ ይሄዳሉ፤ ድንኳን ውስጥ እያደሩ የሰሊጥ አረም ያርማሉ። እስከ መቼ ቢባል «ሥራው እስኪያልቅ» ነው መልሱ። የክረምት አረም አልቆ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። የማይሄድ ልጅ መታወቂያው አይታደስም፤ ከቀበሌም የድጋፍ ደብዳቤ አያገኝም። ሳና ደግሞ አሶሳ ኮሌጅ ገብታ ነርስ መሆን ነው ሐሳቧ፤ ያለ ቀበሌ ደብዳቤ የኮሌጁን ዘበኛ እንኳ አታልፍም።

እናቷ፣ ልጄ፣ ጅዳ ሰው ቤት ናት። ስትሄድ መናኸሪያው ላይ አንገቴን አቅፋ «እማ፣ ሳናን አደራ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። አደራ የተቀበለ ሰው እንቅልፉ ስስ ነው፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ይነቃል። ባጃጇ ታጥፋ ሳትጨርስ እኔ ማሰብ ጀምሬያለሁ። እባብ አለ። ወባ አለ። ወንዝ ይሞላል። የሴቶቹ ድንኳን ከወንዶቹ ምን ያህል ይርቃል? ጠባቂው ማነው? ጠባቂውንስ ማን ይጠብቀዋል? መንገዱስ? ጥይቱ ጋብ ብሏል ይላሉ፤ ዝናብም ጋብ ይላል።

«ልሂድ በቃ እማ፤ ምን ችግር አለው?» አለች ሳና እራት ላይ። «ጓደኞቼ በሙሉ ይሄዳሉ። የሚታረመው ሰሊጥ ነው እንጂ ጦር ሜዳ አይደለም።»

«ሰሊጥ አርመሽ ታውቂያለሽ?»

«አንቺ አርመሽ ሞተሻል?»

«ወገቤን ጠይቂው፤ እሱ ይነግርሻል።»

እኔ ወደዚህ አገር በፈቃዴ አልመጣሁም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ ከሐይቅ ከተማ በላይ ያለው ሰፈራችን «እህል ይታደላል፤ ተሰብሰቡ» ተባለ። ተሰበሰብን። የመጣው ግን እህል ሳይሆን መኪና ነው፤ ከመኪናውም ወደ አንቶኖቭ አውሮፕላን። አሶሳ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነበር። መንደራችን እስከ ዛሬ ስም የላትም፤ በቁጥር ነው የምትጠራው። በፊሽካ ተነስተን፣ በፊሽካ አርሰን፣ በፊሽካ እንገባ ነበር። ካድሬው ሥራውን «ዘመቻ» ይለው ነበር፤ «የሕዝብ እርሻ» ይለው ነበር፤ ስም አያጣም። ባለቤቴ አሊ አንድ ቀን ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ፊሽካው ተነፋ። «ዛሬ ልተኛ» ቢል «ነጥብህ ይቀራል» አሉት። ነጥብ የሌለው ቀለብ የለውም። ወጣ። በቃሬዛ ተመለሰ። ልጄ ያን ጊዜ ጀርባዬ ላይ ነበረች።

ለሳና ይህን ዘርዝሬ ነግሬያት አላውቅም። የሞተ ሰው ታሪክ ለልጅ ምኗ ነው ብዬ ነበር። ያን ዕለት ግን ነገርኳት። ምግቧን ትታ ሰማችኝና «ያ እኮ ደርግ ነው፣ እማ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ድምፅ ማጉያው ግን አንድ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ኢቲዳል ጋ ሄድኩ። ኢቲዳል የበርታ ሴት ናት፤ የአጥር ጎረቤቴ። እኛን መንግሥት በቁጥር ሲያሰፍረን መሬቱ የወገኖቿ ነበር፤ ሆኖም በዚያ ሙቀት መጀመሪያ ውሃ ያጠጣችኝ የኢቲዳል እናት ናት። ኢቲዳል ገበያ ላይ ደረቅ ባሚያና ለሻይ የሚፈላ ከርከዴ ትሸጣለች። እሷም እንደ እኔ የልጅ ልጅ አላት፤ አብዱልረሂም ይባላል፤ ከሳና ጋር ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው።

ስደርስ ግቢዋ ተጠርጓል። ውሃ ተረጭቷል። ጥሩዋ ምንጣፍ ከማንጎው ሥር ተነጥፋለች፤ ሻዩም ከሰል ላይ ተጥዷል።

«እንግዳ አለብሽ እንዴ?»

«አዎ። ሙዐዊያ ይመጣል።»

ሙዐዊያ የቀበሌያችን የወጣቶች አስተባባሪ ነው። የእህቷ ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት ያሳደገችው ኢቲዳል ናት።

«ለምን ይመጣል?»

«አንተ ባጃጅ አልሰማም? ፈቃድ አለ እኮ! በጎ ፈቃድ። ልጅ ሊወስድ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ቆሞ አይመለስም፤ ሻይ ይጠጣል።»

ኢቲዳል አማርኛ ስትናገር ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ለምጄዋለሁ። ይህን ግን እንዴት ብዬ ልንገራት? አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ኢቲዳል እህቴ፣ ፈቃድ ማለት እዚህ ላይ እንደዚያ አይደለም። ዝም ብሎ የሥራው ስም ነው። ማንም ሊጠይቅሽ አይመጣም።»

«ለምን?»

«ለምን ማለት… ስሙ ነው እንጂ ፈቃድ የለውም።»

ኢቲዳል የሻዩን ክዳን ከድና አየችኝ፤ ያመመኝ ይመስል። «ስማ ጦይባ። እኔ ንግድ ፈቃድ አለው። ሱቁ የማን ነው? የእኔ። ፈቃዱን የሰጠ ማነው? መንግሥት። እኔ ሄደ፣ ቆመ፣ ጠየቀ፤ መንግሥት ሰጠ። አሁን ልጅ የማን ነው? የእኔ ነው። እንግዲህ መንግሥት ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይጠይቃል። እኔ ይሰጣል፤ ወይም አይሰጥም። ፈቃድ ይኸው ነው።»

አራተኛ ክፍል ድረስ ሐይቅ ተምሬያለሁ፤ ጋዜጣ አነባለሁ፤ ይህን ግን የትም አላነበብኩም። ሻዩን አብረን ጠጣነው። ሙዐዊያ አልመጣም። በማግስቱም ግቢው ተጠርጎ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ ዋለ፤ እሱ አልመጣም።

እኔ ግን መቀመጥ አልሆነልኝም። መምህር ገረሱ ጋ ሄድኩ። የወለጋ ልጅ ነው፤ ከመንዲ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሥነ ዜጋ ያስተምራል። ልጆቹን ሰብስቦ ወደ መኪናው እንዲያመጣ የታዘዘው እሱ ነው። በሩ ላይ ጫማውን ሲያጥብ አገኘሁት።

«አዴ ጦይባ! ግቡ እንጂ።» አዴ በእነሱ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

«አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼ ነገር ሕግ ነው?»

ግራ ቀኝ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አገራችን የፈረመችው ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። አንድ ሰው ራሱ ወዶ ሳይገባበት፣ በቅጣት እየተስፈራራ የሚሠራው ሥራ የግዳጅ ሥራ ነው ይላል። ክልክል ነው።»

«መታወቂያ መከልከል ቅጣት ነው?»

«ቅጣት ነው።»

«ጎርፍ ቢመጣ፣ እሳት ቢነሳስ?»

«ያ ሌላ ነው። ለአደጋ ጊዜ ይፈቀዳል። የሰፈር ሰው ተመካክሮ ለራሱ የሚሠራው ትንሽ ትንሽ ሥራም ሌላ ነው።»

«የሰሊጥ አረም እሳት ነው ጎርፍ?»

ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው። «አይደለም።»

«ታዲያ ለሙዐዊያ ንገረዋ!»

«አዴ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።»

«ክፍል ውስጥ የምታስተምረውን ደጅ ብትናገረው ምላስህ ይቆረጣል?»

ጫማውን ማጠብ ቀጠለ። ታጥቦ ያለቀውን ጫማ ነው እንደገና የሚያጥበው። እኔም «አላህ ድፍረት ይስጥህ» ብዬው ሄድኩ። በምርቃት መልክ የተሰጠ ስድብ ነበር፤ ገብቶታል።

የመሄጃው ቀን ጠዋት ሳና ቦርሳዋን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሌሊቱን የለመንኩት ሁሉ፣ ያስፈራራሁበት እባብ ሁሉ፣ ወደ እናቷ እደውላለሁ ያልኩትም አልበገራትም። «ደብዳቤው ያስፈልገኛል» ብቻ ነው የምትል። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። እኔ ደግሞ ተከትያት ወጣሁ። «ልሸኝሽ» አልኳት፤ ግን እውነቱን ለመናገር ለመሸኘት አልነበረም የወጣሁት። ምን ላደርግ እንደወጣሁ ራሴም አላውቅም።

ቀበሌው ግቢ አይሱዙ ቆሟል። ግማሾቹ ልጆች ተሳፍረዋል፤ ይዘፍናሉ፣ ይገፋፋሉ። እናቶች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንዷ ነጠላዋን ታኝካለች። ሹፌሩ መሪውን ተደግፎ ጫት ይቅማል። ሙዐዊያ ደረጃው ላይ ማይክ ይዞ ስለ ልማት፣ ስለ ነገዋ አገር፣ «ለእናንተው ብለን ነው» እያለ ይናገራል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ሳና ስትሳፈር ዞር ብላ አላየችኝም፤ ብታይ ኖሮ ትወርድ ነበር መሰለኝ።

ያኔ ገረሱ ፊሽካ ነፋ።

ለካ ልጆቹን ይሰበስብበት ዘንድ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥለውለታል። እሱ ምን በወጣው፤ ታዞ ነው። እኔ ግን ያቺን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ስለቀው ተናድጄ ነበር።

ወደ ፊት ልራመድ ስል ግን ሌላ ሰው ቀደመኝ። ኢቲዳል ናት። የበዓል ቶቧን፣ የሱዳኖቹን ረጅም ልብስ፣ ተጠቅልላ፣ መቋሚያ የሚያህል ቀርከሃ ይዛ፣ ሰውን በክርኗ እየገፋች መጣች።

«ያ ሙዐዊያ!» ብላ ጠራችው።

«ኻልቲ፣ ቆዪ፣ ሥራ ላይ ነኝ።» ኻልቲ ማለት በእነሱ አክስቴ ማለት ነው።

«እኔ ቤት ጠረገ። ሻይ አፈላ። አንተ ለምን አልመጣም?»

«ለምን ልምጣ?»

«ፈቃድ ልትጠይቅ!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። መኪናው ላይ ያሉት ልጆች ተያይዘው ተንከተከቱ፤ እናቶችም አፋቸውን ሸፈኑ። ኢቲዳል አልሳቀችም። ቀርከሃዋን መሬት ላይ ተክላ ጠበቀች። ሙዐዊያ ጆሮው ድረስ አፈረ። ያሳደገችውን ሴት ሰው ሲስቅባት ማየት አልወደደም፤ ይህን ለእሱ መመስከር አለብኝ። ለስለስ ብሎ ሊያስረዳት ፈለገ።

«ኻልቲ፣ በጎ ፈቃድ ማለት እንደዚያ አይደለም። አንቺ የምትሰጪው ወረቀት አይደለም። ወጣቱ ራሱ ወዶ፣ ማንም ሳያስገድደው የሚሰጠው አገልግሎት ማለት ነው።»

ማይኩን ከአፉ ማራቅ ረስቶ ነበር። «ማንም ሳያስገድደው» የምትለዋ ቃል በድምፅ ማጉያው ወጥታ፣ ግቢውን ዞራ፣ መንገድ ላይ የቆመውን ባለጋሪ ሁሉ ቀና አደረገችው። ሳቁ ቆመ።

«ሙዐዊያ ልጄ» አልኩ፣ ወደ ደረጃው ቀርቤ። «መጨረሻውን እስቲ ድገምልኝ፤ ጆሮዬ ያስቸግረኛል።»

«የቱን እማማ?»

«ማንም ሳያ… ያልካትን።»

ከመኪናው ላይ አንዱ «ድገመው!» አለ። ሌሎቹ ተቀበሉት፤ «ድገመው! ድገመው!»

ሙዐዊያ ማይኩን አጠፋ። «እማማ ጦይባ፣ ሰው አያሳምፁ። ያውቁኛል፤ አከብርዎታለሁ። ግን ሰው አያሳምፁ።»

«እኔ ያሳመፅሁት ሰው የለም። አማርኛ ነው የጠየቅሁህ። ማንም አያስገድድም ካልክ፣ የቀረች ልጅ መታወቂያዋ ለምን አይታደስም?»

«መመሪያ ነው።»

«እና መመሪያው ነው የሚያስገድደው?»

ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ገረሱ ነው። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ መዳፉ ላይ ይዞታል፤ የት እንደሚያስቀምጠው ያጣ ይመስላል። «አቶ ሙዐዊያ» አለ፣ «ይህንን ነገር እኔ… ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ።»

«ቲቸር፣ ፈተና ላይም መጥቶ ነበር!» አለች መኪናው ላይ ያለች አንዲት ቀጭን ልጅ።

«መልሱ ምን ነበር?» አልኳት።

«ሐ!» አሉ ብዙ ሆነው። «ሐ! የግዳጅ ሥራ!»

ገረሱ ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠነከረ። በቅጣት እየተስፈራራ የሚሠራ ሥራ በዓለም አቀፍ ስምምነትም በአገሪቱም ሕግ ክልክል እንደሆነ፣ የልማት ሥራም ቢሆን የሚመለከተው ሕዝብ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ልክ ለተማሪ እንደሚያስረዳ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ፈቃድ!» ኢቲዳል በቀርከሃዋ መሬቱን መታች። «እኔ አላለም? አንተ ጦይባ፣ እኔ አላለም?»

«ብለሻል እህቴ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

አሁን እናቶቹ አጥሩን ትተው ቀረብ ብለዋል። እኔም አፌ ከተከፈተ አይዘጋም። «ሌላም ልጠይቅህ፣ ሙዐዊያ። እኛ ወሎዎች ጅጌ እንጠራለን። በገረሱ አገር ዳዶ ይባላል። ኢቲዳል ነፊር ትለዋለች። በሦስቱም አገር ባለ እርሻው ራሱ ቤት ለቤት ዞሮ ‹ነገ ድረሱልኝ› ይላል። ገንፎ ያስገነፋል። ከሁሉ ቀድሞ እሱ ያርማል፤ ከሁሉ በኋላ እሱ ይበላል። የዚህ ሰሊጥ ባለቤት ማነው? የታለ?»

ሙዐዊያ መሬት መሬት አየ። የመለሰው ሹፌሩ ነው፤ ጫቱን ወደ አንድ ጉንጩ አዙሮ። «አዲስ አበባ ነው ያለው። ክረምት ክረምት አይመጣም፤ ጭቃ አይወድም።»

በዚህ ግን ማንም አልሳቀም።

ሙዐዊያ ከደረጃው ወርዶ አጠገቤ መጣ። ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ «እማማ፣ በእኔ ላይም ኮታ ተጥሎብኝ ነው። ይኼ መኪና ባዶውን ከሄደ የሚጠየቀው ማነው?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም ሳይተኛ ያደረ ነው። ልጅ ሳለ ማንጎ ሲሰርቀኝ የነበረበት ፊት ታየኝ።

«እንግዲያ አንተም ተገደህ ነው» አልኩት።

ደረጃውን ወጣና ያለ ማይክ ጮኸ። «የማይፈልግ ይውረድ! ይውረድ! ነገ ግን ቀበሌ መጥቶ ደብዳቤ ስጡኝ እንዳይል!»

መኪናው ላይ ያሉት ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። ሳና ከኋላው ብረት አጠገብ ቆማለች፤ ቦርሳዋን ታቅፋለች። እኔ ምኔ ሞኝ ነው፤ በሩ ተከፍቶልኛል።

«ሳና! ውረጂ! አሁኑኑ ውረጂ!»

አየችኝ። «እማ፣ አንቺም ድምፅ ማጉያ ሆንሽ?»

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ኢቲዳል እንኳ ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ…» ልል ነበር፤ ያን ቃል ደግሞ ከደረጃው ላይ ስሰማው ነው ያረፈድኩት። ዋጥኩት። ዓይኔ ፊት ድንኳኑም፣ ወንዙም፣ ቃሬዛውም ይመላለሳሉ፤ እጄ ሄዶ ቀሚሷን ይዞ ሊጎትታት ይፈልጋል። በሌላው እጄ ያዝኩት።

«እሺ» አልኩ። «አንቺ ምን ትያለሽ? ፈቃድሽ ምንድን ነው?»

ሳና ለእኔ አልመለሰችም። ወደ ሙዐዊያ ዞረች። «ጋሽ ሙዐዊያ፣ ብሄድ ደብዳቤ እንደማገኝ ነግረውኛል። ብወርድስ?»

«ሰምተሻል።»

«አልሰማሁም። በግልጽ ይንገሩኝ።»

«አታገኚም።»

«ደብዳቤው ባይኖር ኖሮ፣ ወደ ሰሊጡ ሂጂ ብትሉኝ እሄድ ነበር? እስቲ ላስበው።» ከልቧ አሰበች፤ ከንፈሯን ነክሳ። ሁላችንም፣ ሹፌሩም ጭምር፣ ጠበቅን። «ለጤና ጣቢያ ቢሆን እሄድ ነበር። ለትምህርት ቤትም። ጭቃ ለማይወድ ሰውዬ ግን አልሄድም።» ቦርሳዋን ወረወረችልኝና ዘላ ወረደች። አጠገቤ ስትደርስ በጆሮዬ፣ «አንቺ ስላልሽ አይደለም» አለችኝ።

«ገብቶኛል።»

ከእሷ በኋላ ያቺ ቀጭኗ ወረደች። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች። ከዚያ እንደ በሰለ ማንጎ እየተከታተሉ ወረዱ። ሁሉም ግን አልወረዱም። አብዱልረሂም የኢቲዳል የልጅ ልጅ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ረጅም ነው፤ ጭንቅላቱ ከሁሉ በላይ ይታያል።

«ሐቡባ» አላት፤ አያቴ ማለቱ ነው። «እኔ መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ለምን?»

«ከአሶሳ ወጥቼ አላውቅም። አገር ማየት እፈልጋለሁ። ወድጄ ነው፣ ወላሂ። ልሂድ?»

ኢቲዳል ቀርከሃዋን ተደግፋ ቆየች። ፊቷ ላይ የእኔ ፍርሃት ሁሉ፣ እባቡም ወንዙም፣ ተራ በተራ ሲያልፍ አየሁት። ከዚያ ቶቧን አስተካከለች፤ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሹም መሰለች።

«ፈቃድ ተሰጠ» አለች። ወደ ሙዐዊያም ዞራ፣ «አየህ? ቀላል ነው። ሻዩም አይቀርብህም ነበር» አለችው።

አይሱዙው ከግማሽ በታች ተጭኖ ሄደ። ኢቲዳል መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ እጇን እያወዛወዘች ቆማ ቀረች፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የእኔ ቀርታልኛለችና ምን ብዬ ላጽናናት? ትከሻዬን ሰጠኋት።

ገረሱን በዚያው ሳምንት ለግምገማ ጠሩት። ምን እንዳሉት አልነገረኝም፤ ሲመለስ ግን በበራችን አልፎ «አዴ፣ ምላሴ አለ» ብሎኝ ሄደ።

እኛ ደግሞ ቀበሌ ሄድን። አልተኛሁም፤ ሌሊቱን ሙሉ የምላቸውን ስደረድር ነው ያነጋሁት። ስለ ሕጉ፣ ስለ ስምምነቱ፣ ስለ ባሌ፣ ሁሉንም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የሳናን ስም ስትሰማ ቀና አለች፤ ከዚያ ስልኳን ማየት ቀጠለች።

«ሲስተም የለም። ሌላ ቀን ነይ።»

«መቼ ይመጣል?» አለች ሳና።

«አይታወቅም።»

«እሺ፣ እጠብቃለሁ።»

«እዚህ መቀመጥ አይቻልም።»

«እቆማለሁ።»

ልጅቷ አሻግራ እኔን አየችኝ። «እማማ ናቸው አይደል ያመጡሽ? የዛን ቀን ግርግር ያነሱት?»

አፌ ተከፈተ። ሌሊቱን የደረደርኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ሳና ግን በዓይኗ ብቻ አየችኝ፤ አፌን ዘጋሁ። እንዴት እንዳስቸገረኝ አላህ ነው የሚያውቅ።

«እኔ ነኝ ይዣቸው የመጣሁት» አለች ሳና። «ቤት ቢቀሩ ሲጨነቁ ይውላሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ነው የምፈልገው። የማይሰጠኝ ከሆነ፣ በምን ምክንያት እንዳልተሰጠኝ በጽሑፍ ይሰጠኝ።»

«በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ። ማኅተም ያለበት።»

ልጅቷ ወደ ኋላ ዞራ በሩ የተዘጋውን ቢሮ አየች፤ ሙዐዊያ ውስጥ ነው፤ ጥላው በመስታወቱ ይታያል፤ አይንቀሳቀስም። ከኋላችን ያቺ ቀጭኗ ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ቆመች። ከዚያ ወንድማማቾቹ። ሰልፍ ሆንን።

ልጅቷ መስኮቱን ዘጋችው።

ሳና ሻሿን አጠበቀችና አንኳኳች።